በሦስት ማዕዘን ሜሽ ላይ የሚታዩ የሼዲንግ ስህተቶችን መለየትና ማረም

በሜሽ (ከሦስት ማዕዘኖች በተሠራ የ3ዲ ቅርጽ) ገጽ ላይ ያለ ምክንያት የጠቆረ ቦታ፣ የተሰባበረ ነጸብራቅ ወይም ቀዳዳ የሚመስል ክፍል ሲታይ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚነካካው መብራቱን ነው፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ገጹ ወደየት እንደሚመለከት ለብርሃን ስሌቱ በሚያመለክቱት ኖርማሎች ላይ ነው። ስለዚህ ማቴሪያሉን ወደ ተራ ግራጫ ይቀይሩ፤ ኖርማል ማፕ (ጉብታና ጎድጓዳ ያለ የሚያስመስል ምስል) ካለም ያላቅቁት። ችግሩ በዚህ ከጠፋ ሜሹ ጤነኛ ነው። ከማፑ ጋር ጉብታው ጎድጓዳ መስሎ ይታይ ከነበረ ደግሞ አረንጓዴ ቻናሉን ይገልብጡ፤ ኦፕንጂኤልና ዳይሬክትኤክስ የተባሉት የግራፊክስ ሥርዓቶች ልማድ በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው።

ካልጠፋ፣ ለስላሳውን ሼዲንግ (የብርሃኑን ልዩነት በሦስት ማዕዘኖቹ መካከል አለዝቦ የሚያሳየውን) አጥፍተው እያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን በገዛ ኖርማሉ ብቻ በሚያሳየው ጠፍጣፋ ሼዲንግ ይመልከቱ። ስህተቱ በጠፍጣፋውም ከታየ ጥፋቱ የሦስት ማዕዘኖቹ ነው፤ በለስላሳው ብቻ ከታየ ግን የቨርቴክስ ኖርማሎቹ፣ ማለትም በአንድ የማዕዘን ነጥብ (ቨርቴክስ) ላይ ከሚገናኙት ገጾች ኖርማሎች በአማካይ የሚወሰዱት፣ ነው።

የገጽ ኖርማል ከሁለት ጠርዞች ክሮስ ፕሮዳክት (ለሁለቱም ቀጤ ነክ የሆነ አቅጣጫ ከሚሰጥ ስሌት) የሚገኝ በመሆኑ የቨርቴክሶቹ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፤ የጀርባ ገጾችን የማያሳይ ፕሮግራምም ያንን ክፍል ቀዳዳ ያስመስለዋል። ሁለት ጎረቤት ሦስት ማዕዘኖች የጋራ ጠርዛቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ መከተል አለባቸው። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም የገጽ አቅጣጫ ማሳያው ሲበራ የተገለበጡት በቀይ ይወጣሉ፤ በኤዲት ሞድ ሁሉንም መርጦ ሺፍትና ኤን መጫን አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክላቸዋል። አንድን ጠርዝ ከሁለት በላይ ገጾች በሚጋሩበት ቦታ ግን ይህ መሣሪያ ሊሳሳት ስለሚችል አስቀድመው ትርፍ የውስጥ ገጾችን ይሰርዙ። ስፋታቸው ዜሮ የሆኑ ሦስት ማዕዘኖችም አቅጣጫ ስለሌላቸው፣ ኖርማላቸውን ለርዝመቱ ማካፈል ትርጉም የለሽ ቁጥር ይሰጥና ጥቁር ነጥብ ሊፈጥር ይችላል፤ መፍትሔው ማስወገድ ነው።

በለስላሳው ብቻ የሚታየው ስህተት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የኤስቲኤል ፋይል (ለ3ዲ ህትመት የተለመደ የሜሽ ፋይል) እያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን ከነሦስት ነጥቦቹ ለብቻው ስለሚያስቀምጥ ጎረቤቶች ቨርቴክስ አይጋሩም፤ ስለዚህ ለስላሳ ሼዲንግ ቢበራም ገጹ እንደተቆራረጠ ይቀራል። ተደራራቢ ነጥቦቹን ያዋህዱ፤ የማዋሃጃው ርቀት ግን ከአጭሩ እውነተኛ ጠርዝ ማነስ አለበት፤ አለበለዚያ ዝርዝሩ ይጠፋል። በአንጻሩ አንድ ኪዩብ 8 ቨርቴክሶችን ብቻ ሲጋራ ኖርማሎቹ ተቀላቅለው ጠፍጣፋ ገጾቹ ያበጡ ይመስላሉ፤ በዚህ ጊዜ ስል ጠርዞቹን በማዕዘን ወሰን፣ ለምሳሌ በ30 ዲግሪ፣ መለየት ያስፈልጋል።

የቨርቴክስ ኖርማሉ የአማካይ አወሳሰድም የራሱ መዘዝ አለው። የኪዩቡ አንድ ገጽ በሰያፍ ሲከፈል አንዳንዱ ማዕዘን ሁለት፣ አንዳንዱ አንድ ሦስት ማዕዘን ይደርሰዋል፤ ተራ አማካይ ከተወሰደም ኖርማሉ ሁለት ወዳለው ገጽ ያዘነብላል። እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን በነጥቡ ላይ ባለው የማዕዘን ስፋት ሲመዘን ግን ሁለቱ 45 ዲግሪዎች ተደምረው 90 ስለሚሆኑ አከፋፈሉ ለውጥ አያመጣም፤ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው መነሻ ይህ ነው።

የራስዎን ሼደር (ብርሃኑን የሚያሰላ ፕሮግራም) የሚጽፉ ከሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለጠጠን ነገር ኖርማል በሞዴል ማትሪክሱ (ነገሩን በሚያንቀሳቅሰውና በሚለጥጠው የቁጥር ሰንጠረዥ) ኢንቨርስ ትራንስፖዝ ያባዙ፤ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ የተሰላው መካከለኛ ኖርማልም ስለሚያጥር በየፒክስሉ ርዝመቱን ወደ 1 ይመልሱ።