ጀልባ ከውሃ ስታወጡ የፒክአፓችሁ ጎማ እንዳይንሸራተት እንዴት እንደሚደረግ

በሐምሌ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ አሜሪካ፣ ዌስት ሲያትል ውስጥ ዶን አርሜኒ ወደሚባለው የጀልባ ማውጫ ብትወርዱ ባሕሩ ሸሽቶ ታገኙታላችሁ። ጠዋት ጀልባችሁን ስታወርዱ ውሃ ውጦት የነበረው ኮንክሪት አሁን ተገልጦ ይታያል። ላይ ላዩ ደረቅና ነጣ ያለ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን አረንጓዴ አልጌ ለብሷል፤ በጫማ ሲረግጡት እንደተነከረ ተልባ ያሙለጨልጫል። ጀልባ ለመጫን ወደ ኋላ ስትወርዱ የፒክአፑ የኋላ ጎማ የሚያርፈው እዚያው አረንጓዴው ላይ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ጀልባ በገዛሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ፒክአፔ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ነበር። ጀልባውን ተሳቢው ላይ አስቀምጬ፣ አስሬ ነዳጅ ስረግጥ መኪናው ጮኸ እንጂ አልሄደም። የቀኙ የኋላ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል። አረንጓዴው ዝቃጭ ተፈናጥሮ የጀልባው አፍንጫ ላይ ተለጠፈ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ጨምሬ ስረግጥ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መስኮቴን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ነዳጁን ተወው። ጀልባውን ለውሃው መልስለት» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጀልባው ላይ ወጥቶ ነበር። ጎማን የሚያስይዘው የሞተር ጉልበት ሳይሆን የተሸከመው ክብደትና የቆመበት መሬት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጎማው ለምን ይሸነፋል?

በደንብ የተሠራ የጀልባ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 በመቶ ተዳፋት አለው። እንበልና ባዶው ፒክአፕ 2,200 ኪሎ፣ ጀልባው ከነሞተሩና ከነተሳቢው 2,000 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱን በ15 በመቶ ዳገት ለማውጣት ጎማዎቹ ወደ 620 ኪሎ የሚጠጋ የመሳብ ኃይል ማውጣት አለባቸው። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ክብደቱ የሚበዛው ከፊት፣ ሞተሩ ጋ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የሚሸከሙት 900 ኪሎ ያህል ነው። የተሳቢው አንገት የሚጭንባቸውን 200 ኪሎ ስንጨምር 1,100 ይሆናል። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ጎማዎች ከተሸከሙት ክብደት ከግማሽ በላይ በሆነ ኃይል መሬቱን መቆንጠጥ ይጠበቅባቸዋል። ደረቅ ኮንክሪት ይህን ያለ ችግር ይፈቅዳል። እርጥብ ኮንክሪት በጭንቅ ይፈቅዳል። አልጌ የለበሰው ግን ከሩብም በታች ሊወርድ ይችላል።

አሁን ያንኑ መኪና ፎር ዊል አድርጉት። አራቱም ጎማዎች በአንድነት 2,400 ኪሎ ስለሚሸከሙ የሚፈለግባቸው ሩብ ያህል ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ከሦስት ሜትር በላይ ወደ ዳገቱ ርቀው፣ ብዙ ጊዜ ደረቁ ላይ ነው የሚቆሙት። ፎር ዊል ያለው ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል የሚባለው ለዚህ ነው። የፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው መኪና ሌላ ጣጣ አለው፤ ጎማዎቹ ደረቅ ቦታ ቢቆሙም ዳገቱና የተሳቢው አንገት ክብደቱን ወደ ኋላ ስለሚስቡት ፊቱ ይቀላል።

ከቤት ሳትወጡ

የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ተመልከቱ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ሲያትል ላይ በቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። በ15 በመቶ ተዳፋት ላይ ስትለኩት ከ20 ሜትር በላይ ኮንክሪት አንዴ ይሸፈናል፣ አንዴ ይገለጣል ማለት ነው። በጋ ላይ ደግሞ ውሃው እጅግ የሚጎድለው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ጠዋት የወጣው ሁሉ ሊመለስ በሚያስብበት ሰዓት። ስለዚህ መመለሻችሁን ውሃው ቢያንስ ግማሽ በሞላበት ሰዓት አድርጉት። ያን ጊዜ አረንጓዴው ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ መኪናችሁ የሚቆመው ከላይኛው ንጹሕ ኮንክሪት ላይ ይሆናል። ሁለት ሰዓት መጠበቅ ካለባችሁ ጠብቁ፤ ጀልባ ላይ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መቀመጥ ቅጣት አይደለም።

ገና ልምድ የሌላችሁ ከሆነ ከባሕሩ በፊት ሌክ ዋሽንግተን ላይ ተለማመዱ። የሐይቁ ከፍታ ከባሕሩ በሚለዩት የባላርድ የውሃ በሮች ስለሚጠበቅ ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አልጌው በውሃው ጠርዝ ላይ በጠባቡ ይቀራል።

መኪናው ላይ የሚጫነው ብዙ አይደለም። ለአራቱም ጎማ የሚሆን ታኮ፣ አንድ ባልዲ፣ እጀታው ረጅም የሆነ ጠንካራ ብሩሽ፣ የናይለን መጎተቻ ገመድና አሸዋ የሞላባቸው ከረጢቶች ያዙ። አገር ቤት በክረምት ጭቃ መንገድ ላይ ባዶ ፒክአፕ የነዳ ሰው የአሸዋን ጥቅም ያውቀዋል። 150 ኪሎ አሸዋ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ብታስቀምጡ በላይኛው ስሌት መሠረት እርዳታው ትንሽ ነው፤ ግን እርጥብ ኮንክሪት ላይ በመያዝና በመንሸራተት መካከል ያለው ልዩነትም ትንሽ ነው። ደግሞም ከረጢቱን ቀዳችሁ መሬት ላይ ልትበትኑት ትችላላችሁ። የጎማውን ጥርስ እዩ። ለአስፋልት የተሠራ፣ ግማሹ የተበላ ጎማ አልጌ ላይ ምንም አይቆነጥጥም።

ስትደርሱ

መኪናውን ላይ አቁማችሁ በእግር ውረዱ። አረንጓዴው የት እንደሚጀምር በዓይናችሁ ያዙ። ማውጫው ሁለት ሦስት መስመር ካለው ከሁሉም የደረቀውን፣ በኮንክሪቱ ላይ የተሰመሩት ቦዮች ያልተሞሉበትን ምረጡ። የኋላ ጎማችሁ የሚያርፍበትን ሁለት ቦታ በብሩሽ ፈግፍጋችሁ በባልዲ ውሃ እጠቡት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ንጹሕ ኮንክሪት በየጎማው ሥር ማግኘት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ጀልባው ውስጥ የገባ ውሃ ካለ ሳትጭኑት በፊት በፓምፕ አውጡት። የዓሣ ማቆያውንም አፍስሱ። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ በከንቱ ዳገት አትሳቡት።

ከዚያ ልጆችና ተሳፋሪዎች ሁሉ ከመኪናው ይውረዱ። ሹፌሩም ተዳፋቱ ላይ እስካለ ድረስ ቀበቶውን ይፍታ፣ መስኮቱን ይክፈት። ከተሳቢው ኋላ ማንም አይቁም።

ተሳቢውን በጣም አታጥልቁት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀልባው ራሱ ተንሳፍፎ እንዲቀመጥ ብሎ ተሳቢውን እስኪጠፋ ድረስ ውሃ ውስጥ ይከታል። ተሳቢው አንድ ሜትር በወረደ ቁጥር የኋላ ጎማችሁም አንድ ሜትር ወደ አረንጓዴው ይወርዳል። ለአብዛኛው ተሳቢ የጎማው መሸፈኛ ጫፍ ብቻ ከውሃው በላይ እስኪቀር ድረስ ማውረድ በቂ ነው። የቀረውን ዊንቹ፣ ተሳቢው ላይ ያለው በእጅ የሚዞር መሳቢያ፣ ይሳበው። እጅ ይደክማል፤ ግን መኪናው ደረቅ ላይ ይቆያል። ከዚያ በላይ የግድ ማጥለቅ የሚፈልግ ከባድ ጀልባ ካላችሁ የተሳቢውን አንገት የሚያረዝም ተጨማሪ ብረት ይሸጣል፤ ለተሳቢያችሁ የተሠራውን ግዙ።

ስትወርዱ መኪናውና ተሳቢው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁኑ። ተሳቢው ከታጠፈ ጉልበታችሁ ከፊሉ ወደ ጎን ይባክናል፤ የኋላ ጎማውም ወደ ጎን ይገፋል።

አሁን በጥንቃቄ አንብቡልኝ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና «ፒ» ላይ ቢገባም የሚይዘው እነዚያኑ ነው። የኋላ ጎማዎቹ አልጌ ላይ ከሆኑ፣ ሹፌሩ እግሩን ከፍሬኑ አንስቶ በወረደ ቅጽበት መኪናው ተቆልፎም ወደ ውሃው ሊንሸራተት ይችላል። የእግር ፍሬን ግን አራቱንም፣ ደረቅ ላይ ያሉትን የፊት ጎማዎች ጭምር ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ መሪው ጋ ይቀመጥ፤ ዊንቹን ሌላው ያዙር። ብቻችሁን ከሆናችሁ ፎር ዊሉን ሳታስገቡ፣ የፊት ጎማዎችም ላይ ታኮ ሳታደርጉ ከተሳቢው ጋ አትሂዱ። ከጭነት መኪና ረዳቶች የተማርነው ታኮ እዚህም ነፍስ ያድናል።

ማውጣቱ

ጀልባው ከታሰረ፣ የደኅንነት ሰንሰለቱም ከገባ በኋላ ፎር ዊሉን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አስገቡ። መሪውን ቀጥ አድርጉ። ታኮዎቹን ያስነሱ፤ ያነሳውም ሰው ወደ ጎን ይራቅ። ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁና ነዳጁን ነካ ብቻ አድርጉ። አውቶማቲክ ከሆነ አንዳንዴ ሳትረግጡም ራሱ መሳብ ይጀምራል። ማንዋል የምትነዱ፣ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቁት፤ ዝቅተኛ ማርሽ የሌለው መኪና ከሆነም ሞተሩን አታስጩኹት። አንዴ ከተንቀሳቀሰ አትቁሙ። ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ክብደቱ በሙሉ ተሳቢው ላይ ያርፋል፤ ከባዱ ቦታ ያ ነው። ፍጥነታችሁን ሳትጨምሩም ሳትቀንሱም ዝለቁት።

ጎማው ሲሽከረከር ከሰማችሁ ወዲያው እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱና ፍሬን ያዙ። የሚሽከረከር ጎማ ከቆመው ያነሰ ነው የሚይዘው፤ ሲቆይም አልጌውን አሽቶ እንደ ሳሙና ያደርገዋል።

እንቢ ካለ

ሽማግሌው ያሉኝን አድርጉ። ጀልባው ገና ከፊሉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ፈታችሁ ወደ ውሃው መልሱት፤ ገመዱን የሚይዝ ሰው ግን አይጥፋ። ባዶው ተሳቢ ቀላል ነውና መኪናው ይወጣል። ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ጎማው ደረቅ ይዞ ሳለ ቁሙና ጀልባውን በዊንች አምጡት። ውሃው ለዚያ የማይበቃ ከሆነ ሙላቱን ጠብቁ።

ጀልባው ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላ የተያዛችሁ ከሆነ ጎማዎቹ ፊት ያለውን ፈግፍጋችሁ አሸዋ በትኑ፤ የመኪናውን ምንጣፍ ጎማው ሥር ያስገባም አውቃለሁ፣ ግን ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሰው ይመታል። በኋላ አሸዋውን ጥረጉት። አንድ ጎማ ብቻ የሚሽከረከርባቸው የቆዩ ፒክአፖች ላይ የእጅ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጥርስ ስቦ መሞከር ይረዳል፤ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ሁሉንም ለሚያሙለጨልጨው ጎማ ይሰጥ ነበር፤ ያ ጎማ በፍሬኑ ሲከብደው ግን ከፊሉን ለሌላው ያካፍላል። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሩ ይህን ራሱ ይሠራል፤ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ካላችሁ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። የጎማ ነፋስ መቀነስ ግን ለአሸዋና ለጠጠር ማውጫ ነው፤ አልጌ በለበሰ ኮንክሪት ላይ ብዙም አይፈይድም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልወጣ ሌላ መኪና ከላይ ይሳባችሁ። መጎተቻውን ገመድ ከሻሲው ጋር የተያያዘው የፊት መንጠቆ ላይ እሰሩ። ተሳቢ የሚገጠምባት ኳስ ላይ ፈጽሞ አትሰሩ፤ ከተሰበረች እንደ ጥይት ትወረወራለች። መጎተቻው መሐል ላይ ከባድ ካፖርት ወይም ብርድ ልብስ ጣሉ፣ ሰው ሁሉ ከመጎተቻው ርዝመት በላይ ይራቅ። የላይኛው መኪና መጎተቻውን ቀስ ብሎ ይወጥርና ሳይነጥቅ ይሳብ። እናንተም አብራችሁ በዝግታ ንዱ።

የተሳቢው ጎማ ከኮንክሪቱ ጫፍ አልፎ ወደ ጉድጓድ ወርዶ ከሆነ ግን በኃይል መሳብ አክስል ያጣምማል። ይህ ጉድጓድ የሚፈጠረው ሰዎች ጀልባቸውን ተሳቢው ላይ በሞተር እየገፉ ሲያስገቡ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ፕሮፔለር ጠጠሩን ስለሚጠርገው ነው። ጀልባውን አንሳፍፉት፣ ተሳቢውን በሰው ኃይል ወይም በክሪክ አንስታችሁ ሥሩ ጣውላ አስገቡ፣ ከዚያ በዝግታ ሳቡ።

ጠፍጣፋው ላይ ስትደርሱ የማፍሰሻውን ቡሽ ንቀሉ፣ የጀልባውን የኋላ ማሰሪያዎች አጥብቁ፣ ፎር ዊሉን መልሱ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል እንደተጠመደ መንዳት ማርሹን ይጎዳዋል። ቤት ስትገቡ ደግሞ ጨው የነካቸውን የተሳቢውንና የፒክአፑን የኋላ ፍሬኖች በቧንቧ ውሃ በደንብ እጠቡ።