ልጆች ይዞ የኑክሌር ሙዚየም እንዴት ይጎበኛል?

አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ ውስጥ የኑክሌር ሳይንስና ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ የተሞከረው በዚሁ ክፍለ ግዛት ነው። ሙዚየሙ ለቤተሰብ ይመቻል፤ ግን እንዲሁ ዘው የሚባልበት አይደለም። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆቹ እውነቱን በአጭሩ ንገሯቸው። «የምናየው መሣሪያ ከተማ ላይ ተጥሎ ብዙ ሰው ፈጅቷል» ማለት ይበቃል። ይህን ሳይሰሙ ከገቡ ቦምቡ ትልቅ መጫወቻ ይመስላቸዋል። «አሁን ቢፈነዳስ?» ብለው ከፈሩ ደግሞ፣ የሚታየው ባዶ ቀፎ እንደሆነ አስረዷቸው።

ጠዋት ድረሱና ከግቢው ጀምሩ። ቢ-29 እና ቢ-52 አውሮፕላኖች፣ ሚሳኤሎችም ደጅ ላይ ቆመዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ ፀሐዩ ይከብዳል። ኮፍያና ውሃ ያዙ። የጃፓኗ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ የጣለው አውሮፕላን ቢ-29 እንደነበር እዚያው ክንፉ ሥር ንገሯቸው።

ውስጥ ስትገቡ «ትሪኒቲ» ከተባለው ከመጀመሪያው የቦምብ ሙከራ ተነሱ። ጁላይ 16 ቀን 1945፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በረሃ ላይ የፈነዳው ቦምብ አሸዋውን አቅልጦ አረንጓዴ መስታወት አደረገው። ልጅ ይህን ሰምቶ አይረሳም።

ከዚያ «ሊትል ቦይ» እና «ፋት ማን» ጋ ቁሙ፤ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የተጣሉት ቦምቦች ስም ነው። እዚህ አትቸኩሉ። አንዱ ቀጠን ብሎ 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሌላው ድብልብል ነው። ለምን እንደተለያዩ ልጆቹ ይገምቱ። የመጀመሪያው ዩራኒየም ነው፤ አንዱ ቁራጭ እንደ ጥይት በቱቦ ውስጥ ተተኩሶ ሌላውን ይመታል። ሁለተኛው ፕሉቶኒየም ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ፈንጂ መሐሉን ከየአቅጣጫው ይጨምቀዋል።

ስለ ብረቱ ብቻ አውርቶ ማለፍ ግን፣ ለእኔ፣ ነውር ነው። ሳዳኮ ሳሳኪን አንሱላቸው። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ገና 2 ዓመቷ ነበር። በ1955፣ በ12 ዓመቷ፣ ከቦምቡ ጨረር ጋር በተያያዘ የደም ካንሰር ሞተች። ሆስፒታል ተኝታ ከወረቀት ወፍ ታጥፍ ነበር። የእናንተም ልጅ እኩያዋ ሊሆን ይችላል።

«ለምን ጣሉት?» ማለታቸው አይቀርም። የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከሩበታል፤ እንደዚያው ንገሯቸው፣ የእነሱንም ሐሳብ ጠይቁ።

የፓሎማሬስ ቀፎዎች እንዳያመልጧችሁ። በ1966 ፓሎማሬስ በምትባል የስፔን መንደር ሰማይ ላይ ሁለት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተጋጭተው አራት ሃይድሮጅን ቦምቦች ወደቁ። የሁለቱ ቀፎ እዚህ አለ፤ አንዱ ከባሕር የወጣ ነው።

ሲደክማቸው ወደ ልጆች ላብራቶሪው ውሰዷቸው። የኑክሌር ሕክምናውን ክፍል ለመጨረሻ አቆዩት፤ ያው ጨረር በሽታ ሲመረምር ያያሉ።

ቦርሳችሁ ውስጥ ትንሽ አራት ማዕዘን ወረቀት አትጡ። ማታ አረፍ ስትሉ አብራችሁ ወፍ እጠፉ። ቀኑን ሙሉ ያልጠየቁትን የሚጠይቁት ያኔ ነው።