የኢሜይል ፕሮግራም የይለፍ ቃል ደጋግሞ ሲጠይቅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢሜይል ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ይሞላሉ፤ መስኮቱ ይጠፋል፤ ገና እጅዎን ከኪቦርዱ ሳያነሱ ተመልሶ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ይህን «የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» ብሎ ይተረጉመዋል። ነገር ግን ሰርቨሩ፣ ማለትም የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር፣ «አላስገባም» ሲል፣ ምክንያቱ ሌላም ቢሆን፣ እንደ ተንደርበርድና አውትሉክ ያሉ የኢሜይል ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚያወጡት ያንኑ መጠየቂያ ነው። ስለዚህ ከመሙላት በፊት ጠያቂው ማን እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

ያንኑ የይለፍ ቃል ደጋግሞ መሙላት

ብዙ ሰርቨሮች ተከታታይ የከሸፈ ሙከራ ሲያዩ አካውንቱን ለጊዜው ይቆልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውም አይሠራም። ሁለት ጊዜ ሞክረው እምቢ ካለ «ካንስል» ይበሉና በብሮውዘር የኢሜይልዎን ድረ ገጽ ይክፈቱ። ብሮውዘሩ ቀድሞ ገብቶ ከቆየ የይለፍ ቃሉን ስለማይጠይቅ በፕራይቬት መስኮት ይሁን። እዚያ ከገባ ችግሩ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። እዚያም ካልገባ ፕሮግራሙን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ የይለፍ ቃሉን እዚያው ድረ ገጹ ላይ ይቀይሩ።

ሳጥኑ የሚያሳየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ካፕስ ሎክ መብራቱ ወይም ኪቦርዱ ወደ አማርኛ መዞሩ አይታይም። ኖትፓድ ላይ ጽፎ ማየት ይህን ያጣራል፤ ሲጨርሱ ግን ሳያስቀምጡ ይዝጉት።

ለጂሜይል፣ ለያሁና ለአውትሉክ ዶት ኮም የተለመደውን የይለፍ ቃል መስጠት

ከሁሉም በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። በድረ ገጹ የሚሠራው የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ የማይሠራው ተሳስቶ ሳይሆን መንገዱ ስለተዘጋ ነው። ጉግል ለግል አካውንቶች በስምና በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን ከሜይ 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቁሟል፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለአውትሉክ ዶት ኮም ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ። ከዚያ በፊት ፕሮግራሙ ውስጥ የገባ አካውንት በድንገት መጠየቅ ቢጀምር አይገርምም።

መፍትሔው ኦውዝ 2 ነው። በዚህ ዘዴ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃልዎን አያስቀምጥም፤ በአገልግሎት ሰጪው የመግቢያ ገጽ ላይ ሲገቡ ለፕሮግራሙ የፈቃድ ቁልፍ ይሰጠዋል። በተንደርበርድ «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ሰርቨር ሴቲንግስ» ገብተው «ኦተንቲኬሽን ሜተድ» የሚለውን ወደ ኦውዝ 2 ይቀይሩ፤ ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱ። የመግቢያው መስኮት ባዶ ሆኖ ከቀረ ወይም ገብተውም መልሶ ከጠየቀ ኩኪ (ድረ ገጾች መግባትዎን ለማስታወስ የሚያስቀምጡት ትንሽ መረጃ) ታግዶ ይሆናል፤ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ኩኪ መቀበሉን ይፍቀዱ። ብሮውዘሩ ላይ ኩኪ መፍቀድ እዚህ አይጠቅምም፤ ተንደርበርድ የራሱ ቅንብር አለው።

ፕሮግራሙ ኦውዝ 2 የማያውቅ አሮጌ ከሆነ ጉግልና ያሁ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል «አፕ ፓስወርድ» ያወጣሉ። የጉግሉ 16 ፊደላት ያሉት ሲሆን የሚገኘው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከተከፈተ በኋላ ነው። ገጹ የሚያሳየው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገቡት። ዋናውን የጉግል የይለፍ ቃል ሲቀይሩ አፕ ፓስወርዶቹ ስለሚሰረዙ ያኔ አዲስ ማውጣት አለብዎት።

ገቢውን አስተካክሎ ወጪውን መርሳት

ደብዳቤ እየገባ «ሴንድ» ሲሉ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ጠያቂው ወጪ ሰርቨሩ፣ ማለትም ኤስኤምቲፒ ነው። የራሱ የመግቢያ ዘዴና የራሱ የተቀመጠ የይለፍ ቃል አለው። በተንደርበርድ የሚገኘው ከአካውንቱ ሥር ሳይሆን በአካውንት ሴቲንግስ የግራ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙዎች የሚያልፉትም በዚህ ምክንያት ነው። እዚያም ኦውዝ 2 ይምረጡ። የተጠቃሚው ስም ሙሉ የኢሜይል አድራሻው መሆኑንም ይዩ፤ ግማሹን ብቻ የጻፈ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲወቅስ ይኖራል።

ፖርቱ (የግንኙነቱ በር ቁጥር) ለአይማፕ፣ ማለትም ደብዳቤውን ሰርቨር ላይ እያቆየ ለሚያነበው የገቢ ዘዴ፣ 993 ኤስኤስኤል ከሚባለው ምስጠራ ጋር፣ ለኤስኤምቲፒ 465 ከኤስኤስኤል ወይም 587 ስታርትቲኤልኤስ ከሚባለው ሌላ የምስጠራ ዓይነት ጋር ነው። ፖርትና ምስጠራ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የግንኙነት ስህተት እንጂ የይለፍ ቃል ጥያቄ አይደለም።

አሮጌውን የተቀመጠ የይለፍ ቃል ሳያጠፉ አዲሱን መሙላት

ተንደርበርድ ላይ «ሴቭድ ፓስወርድስ» ከፍተው የዚያን አካውንት መስመሮች በሙሉ ያጥፉ፤ ለአይማፕ፣ ለኤስኤምቲፒና ለኦውዝ የተለያዩ ናቸው። በዊንዶውስ አውትሉክን መጀመሪያ ዘግተው ከኮንትሮል ፓነል «ክሬደንሻል ማኔጀር»፣ ከዚያ «ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ» ይግቡና ከኦፊስ ጋር የተያያዙትን ያስወግዱ። ማክ ላይ ቦታው «ኪቼይን አክሰስ» ነው። ቀጥሎ በሚመጣው መጠየቂያ ላይ «አስታውስ» የሚለውን ምልክት ካላደረጉ ነገም ይጠየቃሉ።

የተንደርበርድን ፕራይመሪ ፓስወርድ ከኢሜይሉ ማምታታት

ፕሮግራሙ ሲከፈት «ፕራይመሪ ፓስወርድ» ብሎ የሚጠይቀው ሰርቨሩ አይደለም። የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች የሚጠብቅ መቆለፊያ ሲሆን ያበጁት እርስዎ ነዎት። ከረሱት ሪሴት ይደረጋል፤ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች ይጠፋሉ፣ ደብዳቤዎቹ ይቀራሉ።

ተማርሮ አካውንቱን ማጥፋት

አይማፕ ከሆነ ደብዳቤው ሰርቨር ላይ ስላለ ተመልሶ ይወርዳል። ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተር የሚያወርደው ፖፕ3 ከሆነ ግን ደብዳቤው ኮምፒውተርዎ ላይ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ከአካውንቱ ጋር ፋይሉን ካጠፉ አይመለስም። በክላሲክ አውትሉክ ከማጥፋት ይልቅ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሜይል»፣ «ሾው ፕሮፋይልስ»፣ «አድ» ብለው አዲስ ፕሮፋይል ይፍጠሩና እዚያ ይሞክሩ፤ አሮጌው እንዳለ ይቆያል።

አልፎ አልፎ የሚመጣውን እንደ ዘወትሩ ማከም

ሲሠራ ውሎ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ይተዉት። ጂሜይል ለአንድ አካውንት በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው 15 የአይማፕ ግንኙነት ነው። ተንደርበርድ ብቻውን እስከ 5 ይይዛል፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ ስልክና ታብሌት ሲደመሩ ገደቡ ይሞላል፣ ሰርቨሩም አዲሱን ይመልሳል። በ«ሰርቨር ሴቲንግስ» ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ከፍተው 5ቱን ወደ 2 ያውርዱት። ያም ካልበቃ በማይጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ላይ ያሉትን የኢሜይል ፕሮግራሞች ይዝጉ።