ለዐረብ ልጆች መጽሐፍ ሲመረጥና ሲዘጋጅ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ለዐረብ ልጅ መጽሐፍ የሚመርጥ ወላጅም ሆነ የሚያሳትም ድርጅት ባህሉን ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ይፈልገዋል፤ ግመልና ቴምር ካየ ይበቃዋል። ልጁ ግን የመጀመሪያው መስመር ከከበደው ግመሉ ጋ ሳይደርስ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ፉስሐን (የጽሕፈቱን ዐረብኛ) የልጁ አፍ መፍቻ አድርጎ መቁጠር ነው። ልጁ ቤት ውስጥ የሚናገረው የካይሮን፣ የቤሩትን ወይም የካዛብላንካን ዐሚያ (የዕለት ተዕለት ንግግር ዐረብኛ) ነው፤ ፉስሐን በወጉ የሚማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ይሁን እንጂ ፉስሐን መተው አያዋጣም፤ በካይሮ ንግግር የተጻፈውን የሞሮኮው ልጅ በቀላሉ አያነበውም። የሚሻለው ፉስሐና ዐሚያ የሚጋሯቸውን ቃላት ማስቀደም ነው፦ ባብ (በር)፣ ሸምስ (ፀሐይ)፣ በይት (ለእኛም ቤት ነው)። ለግብፅና ለሻም (ለሶርያ፣ ለሊባኖስና ለአካባቢው) ልጆች መስኮትን «ናፊዛ» ከማለት «ሹባክ» ማለት ይቀላል። ይህም ትክክለኛ ፉስሐ ነው፤ ልጁም ከእናቱ አፍ ሰምቶታል። ስታነቡለት ጽሑፉን እንዳለ አንብቡ፣ ያልገባውን በቤቱ ንግግር አስረዱት። በአንድ ገጽ ከአምስት በላይ ቃል ከጠየቀ መጽሐፉ ለጊዜው የሚነበብለት እንጂ ብቻውን የሚያነበው አይደለም።

የአናባቢ ምልክቶችን (ሐረካት) መቆጠብም ልጁን ያሸሻል። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚሄድ ችግሩ ላይታየን ይችላል። ያለ ምልክት የተጻፉ ሦስት ፊደላት «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ) ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። እኛ «አለ»ን ስናነብ መላላት መጥበቁን ከዐውዱ እንደምንለይ ሁሉ አዋቂም ይለያቸዋል፤ ጀማሪ ልጅ ግን ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ይሰለቻል። ምልክቶቹ ከፊደሉ በላይና በታች ስለሚቀመጡ በመስመሮች መካከል ሰፊ ቦታ ይተው፤ ከጠበበ የአንዱ መስመር ምልክት በሌላው ላይ ይወጣል።

ከአውሮፓ ቋንቋ ሲተረጎም ደግሞ፣ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ፣ ሥዕሉን በመስታወት እንደታየ የሚገለብጡ አሉ። ያኔ ገጸ ባሕርይው በግራ እጁ ይጎርሳል፤ ይህ ደግሞ እዚያ ነውር ነው። የሰዓቱ ቁጥርና የልብሱ ጽሑፍም ይገለበጣል። ስለዚህ እጅ፣ ሰዓትና ጽሑፍ በየገጹ ይፈተሹ። ከተቻለ እንደገና ይሣል፤ በ1974 ቤሩት ውስጥ የተቋቋመው የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ዳር አልፈታ አልዐረቢ በዐረብ ሠዓሊዎች እጅ ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል።

«ዐረብ ሁሉ አንድ ነው» ማለት በትንሹም ነገር ያሳስታል። የአውሮፓውያኑ የመጀመሪያ ወር ለካይሮው ልጅ «የናየር»፣ ለደማስቆው «ካኑን አስ-ሳኒ»፣ ለቱኒሱ «ጃንፊ» ነው።

በመጨረሻ ጁሓ አለ፤ የዐረቦቹ አለቃ ገብረ ሃና በሉት። ቀልዱ ሲያልቅ «ከዚህ የምንማረው...» ብሎ አንቀጽ መጨመር ጨዋታውን ይገድለዋል። አርታኢው አንቀጹን ሰርዞ ለልጆች ያንብብላቸው፤ ከሳቁ ያለ ምክሩ ይታተም።