በጎንደር ማዕድ ላይ ተቀምጦ ክብደት እንዴት ይቀነሳል?

«በ10 ቀን 10 ኪሎ ይቀንሱ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በቲክቶክና በቴሌግራም ሞልተዋል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ስሌት ይሥሩ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በ10 ቀን 10 ኪሎ ስብ ለማቅለጥ በየቀኑ 7,700 ካሎሪ ማጉደል ያስፈልጋል፤ አብዛኛው አዋቂ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያቃጥለው ከ2,000 እስከ 3,000 ነው። እህል ሳይቀምስ ቢሰነብትም አይሞላለትም።

ታዲያ ሚዛኑ ላይ የሚጎድለው ምንድን ነው? በአመዛኙ ውሃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያኖረው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ስንቅ ለእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራና ዳቦ በድንገት ሲቋረጡ ስንቁ ያልቃል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል፤ መብላት ሲጀመር ሁለቱም ይመለሳሉ። አንዳንድ «የማቅጠኛ ሻይ» ደግሞ ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ስብ አያወጣም፤ የሚያወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው፣ የፖታሲየም መጓደል ደግሞ የልብ ምትን ያዛባል። በጣም የፈጠነ መክሳት ጡንቻን ይበላል፣ ለሐሞት ጠጠርም ያጋልጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን እንዲህ ያለው ዳይት ሰውን ከቤተሰቡ ትሪ መነጠሉ ነው። እኛ አገር አብሮ ይበላል፣ ይጎራረሳል፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ በፋሲካ ይፈሰካል። ይህን የማይችል ዳይት ከመጀመሪያው ዝክር አያልፍም።

መጀመሪያ ይለኩ

ክብደትዎንና የወገብዎን ዙሪያ ይለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ሆድዎን ወደ ውስጥ አይሳቡ። ወገብ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለስኳርና ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከሆኑ ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ሲጎድል የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ግብዎ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይሁን።

ከእንጀራው በፊት ዘይቱን ይያዙ

ብዙ ሰው ጥፋቱን በእንጀራ ላይ ይጥላል። እኔ ድስቱን አስቀድሜ እመለከታለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከጀሪካኑ በቀጥታ ሲንቆረቆር ስንት ማንኪያ እንደገባ ማንም አያውቅም። ስለዚህ በማንኪያ ይለኩ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት እናቶቻችን የሚያውቁት ሙያ ነው፤ ወጡም አይጎዳም።

ከዚያ ትሪውን ያስተካክሉ። ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የደንቢያ ሽንብራ ይብዛ፤ በፍስክ ቀን እንቁላል ወይም ከጎርጎራ የሚመጣ ዓሣ ይጨመር። ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻንም ይጠብቃል። ተጨማሪ እንጀራ ከማንሳትዎ በፊት ትንሽ ይቆዩ፤ የጥጋብ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

«በሞቴ» እየተባለ ጉርሻ ሲመጣ አንዱን በፍቅር ይጉረሱና «ቡናውን እጠጣለሁ» ይበሉ። ውፍረት «ተመችቶሃል» የሚያሰኝበት፣ መቅጠን ደግሞ «ምን ነካሽ?» የሚያስብልበት ቦታ ስለሆነ፣ ለቤተሰብዎ አስቀድመው ቢነግሩ ጫናው ይቀንሳል።

የሚጠጣውን ይቁጠሩ

በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ወደ 48 ግራም ስኳር ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ግራም ገደማ ነው፤ ለስላሳውና ኬኩ ገና አልተቆጠሩም። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል። ቡና ያለ ስኳር ካሎሪው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያወፍረው የቡና ቁርሱ ነው። የጠላና የጠጅ አልኮልም በግራም 7 ካሎሪ አለው።

ዳገቱን ይጠቀሙበት

ለጤና የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው። ጎንደር ላይ ጂም አያስፈልግም፤ ባጃጁን ትተው ከፒያሳ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግር ይውጡ፣ ወይም ወደ ፋሲል መዋኛ ወርደው ይመለሱ። ጉልበቱን የሚያመው በሜዳው ይጀምር።

ጾሙና ፍስኩ

ጾም በራሱ አያከሳም። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ሳምቡሳ፣ ፓስታና በዘይት የራሰ ፍርፍር አብዝቶ የበላ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ሊወፍር ይችላል። ማፍጠሪያዎ በሾርባ ወይም በጎመን ይጀምር፣ ሽሮና ምስር ይከተል፤ ዳቦው መጨረሻ ይምጣ። በፋሲካ ዶሮ ወጡን ይብሉ፣ በዓል ነው። ክብደቱን የሚመልሰው የእሑዱ ምሳ ሳይሆን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ የሚቀጥለው መብል ነውና፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ወደ ተለመደው መጠን ይመለሱ።

ሚዛኑ ሲቆም

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሩ ሊቆም ይችላል፤ የቀነሰ ሰውነት የሚያቃጥለውም ይቀንሳልና። ያኔ ወደ ማቅጠኛ ሻይ አይሩጡ፤ ዘይቱን እንደገና ይለኩ፣ ጉዞውን ያስረዝሙ። ሳይሞክሩ ከከሱ፣ በተለይ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ወይም ብዙ ጥማትና ሽንት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቲቢ ወይም የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይመርመሩ።