ከልጅ ጋር የስጦታ መጠቅለያ ስትሠሩ እነዚህን አታድርጉ

የስህተቶች ሁሉ እናት ይቺ ናት፦ ስጦታው በሚሰጥበት ቀን ወረቀት መቀባት።

"ስጦታው ለማታ ነው፣ ወረቀቱን ከሰዓት ከልጁ ጋር እንቀባዋለን" የሚል ሰው ሳይ ገና ሳይጀምር እኔ ይደክመኛል። የሚሆነው ይታወቃላ! ልጁ ቀለሙን ያለ ስስት ይለቀልቃል። ልክ ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ ነው። ወረቀቱ ይርሳል። ወላጅ ሰዓት ያያል። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ ይመጣል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ወረቀት ደግሞ ዕቃ ላይ ሲታጠፍ ጥግ ጥጉ ይቀደዳል። ስኮቹ አይዝም፣ የተደራረበው ቦታ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አንድ አባት እንዲህ ሲታገል ቆይቶ በመጨረሻ የተገዛ ወረቀት አወጣ። የልጁን ሥራ ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ከተተው፤ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ያያል። በሌላ ቀን "ና ቀለም እንቀባ" ሲባል ለምን እንደማይመጣ እኔን አትጠይቁኝ። ወረቀቱ ወለል ወይም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይደር። ቀለሙ ከወፈረ አንድ ቀን ጨምሩለት። እርጥቡን አትስቀሉት፣ ይንጠባጠባል።

ሁለተኛው ወረቀቱን በዕቃው ልክ ቆርጦ ለልጅ መስጠት ነው። ትንሽ ልጅ ጠርዝ አያውቅም፤ ግማሹ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ትልቁን ወረቀት እንዳለ ስጡት፣ ሲደርቅ ያማረውን ቦታ መርጣችሁ ትቆርጣላችሁ። ሳጥኑን ዙሪያውን ከብቦ ሁለት ጣት ያህል ይደረብ። በጎንና በጎኑ ደግሞ ከሳጥኑ ውፍረት ግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ይበቃል።

የሚያብለጨልጭ ወረቀት አትጠቀሙ። ውሃ ቀለም አይዝለትም፣ ጠብ ጠብ ብሎ ይሰበሰባል። ቡናማው ካኪ ወረቀት ከሁሉም ይሻላል፤ ብቻ ቀጠን ያለ ውሃ ቀለም እሱም ላይ ሲደርቅ ይደበዝዛል። ወፈር ያለ ነጭ ቀለም ሞክሩበት፣ ፍክት ይላል።

የድንች ማኅተም (ድንች ላይ እንደ ኮከብ ያለ ቅርጽ ቀርጾ ወረቀት ላይ ማተም) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድንቹን ቀለሙ ውስጥ በመንከር ነው። ተነክሮ ሲታተም ቀለሙ በዳር በዳሩ ይፈስና ኮከቡ ድፍን ክብ ይሆናል። ድንቹን ለሁለት ከከፈላችሁ በኋላ ቅርጹን እናንተ ቅረጹ፤ ቢላዋ የልጅ ሥራ አይደለም። ከዚያ የተቆረጠውን ፊት በጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ድንች ውሃ ያወጣል፣ ካልተጠረገ ወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል። ቀለሙን እርጥብ ስፖንጅ ላይ በስሱ ቀቡና ልጁ ድንቹን እዚያ ላይ ጫን፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫን ያድርግ። የፊደል ማኅተም ከፈለጋችሁ ገልብጣችሁ ቅረጹ፣ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ነው የሚታተመው። ልብና ኮከብ ግን እንዲህ አያስቸግሩም።

ቀለሙን ሁሉ በአንዴ አትደርድሩ። ቀይና አረንጓዴ በልጅ እጅ ከተገናኙ ውጤቱ ጭቃ ነው። ሁለት ቀለም ይበቃል፤ ሰማያዊና ቢጫ ቢደባለቁ እንኳ አረንጓዴ ይሰጧችኋል።

የማይለቅ ማርከር ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይታተማል። ብልጭልጭ ዱቄት ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ወረቀቱንም መልሶ ጥቅም ላይ እንዳይውል ያደርገዋል፤ እኔ ከነጭራሹ አላስገባውም። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት የልብስ ቁልፍና ዶቃ አታቅርቡ፣ ያንቃል።

የተጨማደደ ወረቀት በጀርባው፣ ጨርቅ ተደርጎበት፣ ለብ ባለ ካውያ ይስተካከላል። በሰም ከለር የተሳለ ከሆነ ግን ካውያ አታስጠጉ፣ ይቀልጣል። እሱን ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት።

ልጁ ማኅተሙን ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ቢያከማች "እዚህም አድርግ፣ እዚያም አድርግ" እያላችሁ አትነዝንዙት። ዝም ብላችሁ ወረቀቱን አዙሩት። እሱ እጁ ባረፈበት ይቀጥላል፣ ወረቀቱም ይሞላል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ የቱ ከላይ እንደሚሆን ጠይቁት። "ይሄ ዳይኖሰር ነው" ያለውን ጭረት ከታች አድርጋችሁ ስኮች ከለጠፋችሁበት፣ ስጦታው እስኪከፈት ድረስ ስለዚያ ዳይኖሰር ትሰማላችሁ።