ድምፁ ሲሰነጠቅ ስፒከሩን ቶሎ አትውቀሱ

ቤት ውስጥ ዲጄነት ለምትለማመዱ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። በቀደም ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ውስጥ ቤዙ በመጣ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቅብኝ ጀመር። ስፒከሩ ተቃጠለ ብዬ በባጃጅ ጭኜ ላሠራው ልወጣ ነበር!

ጥፋቱ የኔ ነው። ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው) ላይ የቻናሉን ጌን፣ ማለትም የሚገባውን ድምፅ መጠን የሚወስነውን ቁልፍ፣ እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እዚያ ላይ የተበላሸ ድምፅ ማስተሩን (የጠቅላላውን ድምፅ ቁልፍ) ብትቀንሱት ይቀንሳል እንጂ አይጠራም። ስለዚህ ከምንጩ ጀምሩ። ዘፈኑ በጣም የሚጮህበትን ቦታ አጫውቱና ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ጌኑን መልሱት። ቤዙንም ወደ መሃል። ድምፁ ካነሰባችሁ ስፒከሩ ላይ ጨምሩ።

ላፕቶፑን ሚክሰሩ ላይ ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁትም ይሆናል። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ደካማ ድምፅ ስለሚጠብቅ የመጣውን ሁሉ ያጎላዋል። ላይን የሚለው ላይ አድርጉት።

"እምምም" የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት። ድምፁ ከጠፋ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር ሰኩ። አንዳንዱ ሰው ይህን ድምፅ ለማጥፋት ብሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን የመሬት መስመር ይቆርጠዋል፤ እሱን እንዳትሞክሩት፣ ይገድላል።